ወደ ግራ የዘመመው ክፍል

ቆራጯ ሰው አትወድም ነበር። ይህን ለማወቅ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ኮት ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ስታየው ወዲያው ይገባዋል።

«ይቁሙ» ትለዋለች።

ደንበኛው ደረቱን ይነፋል፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ አገጩን ያነሳል።

«እንደ ሁልጊዜዎ ነው ያልኩት።»

«እንደ ሁልጊዜዬ እኮ ነው የቆምኩት።»

«እሺ» ትልና ሰውዬው ትንፋሹ አልቆ እስኪለቀው ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሲለቀው የምታየውን ትጽፋለች፤ ግራ ትከሻ ዝቅ፣ ቀኝ ዳሌ ወጣ፣ አንገት ወደ ፊት።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ በር ቀጥ ያለ ሰው ገብቶ አያውቅም። ዳኛው ጠማማ ነው፣ ሙሽራው ጠማማ ነው፣ በየዓመቱ ሁለት ሙሉ ልብስ የሚያሰፋው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ከሁሉም የባሰ ጠማማ ነው። የእሷ ሥራ ይህን መደበቅ ነበር። ዝቅ ባለው ትከሻ ሥር ስፖንጅ ታስገባለች፣ አንዱን እጅጌ ከሌላው አስረዝማ ትቆርጣለች፣ ገበሩን በአንድ በኩል ታላላለች። ደንበኛው ለብሶ መስታወት ፊት ይቆምና ፈገግ ይላል። «እኔ እኮ ተክለ ሰውነቴ ኮት ይስማማዋል» ይላል። ቆራጯ የተረፉትን ስፒሎች ከከንፈሯ እያወጣች «አዎ» ትላለች። በልቧ ግን የተስማማህ ስፖንጁ ነው፣ አንተን ማን ይስማማሃል ትላለች።

ይህን ያህል ሰውን የምትንቅ ሴት ራሷ ምን ብትሆን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቢጠይቅ ኖሮ፣ ከዚያ ሱቅ ውስጥ ከገቡት ሁሉ ጠማማዋ እሷ እንደሆነች ይደርስበት ነበር። ጀርባዋ በአሥራ ሁለት ዓመቷ መዞር ጀመረ፤ ቀኝ ትከሻዋ በሦስት ጣት ወረደ፣ በዚያው በኩል ጎኗ ሰረጎደ፣ የግራ ትከሻዋ አጥንት ከጀርባዋ ተገፍቶ ወጣ። ትምህርት ቤት «ዘንበል» አሏት። ዘንበል መጣች፣ ዘንበል ሄደች፣ ጥቁር ሰሌዳውን ዘንበል ታጥፋው። እናቷ ካረጀ ትራስ ጥጥ አውጥታ፣ እንደ ትከሻዋ ቅርጽ ደልድላ፣ ከደንብ ልብሷ ውስጥ ሰፋችላት። «በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አያይብሽም» አለቻት። እናትየው ይህን ያለችው በፍቅር ነው፤ ልጅቷ የሰማችው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እቤት የምትለብሰው ሹራብ ሳይቀር ያልተደረበበት ልብስ ለብሳ አታውቅም። መቀስ የያዘችውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ጥሪዬን አገኘሁ ብሎ የሚያወራለትን ሙያ እሷ የገባችበት ለመደበቂያ ነበር።

አርባ ዓመት ሲሆናት ጀርባዋ እምቢ አለ። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጎንብሳ ስትቆርጥ ውላ ቀና ማለት ያቅታት ጀመር። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ። መድኃኒት አያቃናውም፣ መንቀሳቀስ ነው የሚሻልሽ፤ ዮጋ ሞክሪ አላት።

ይህን ስትነግራት አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እህትየው የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቁመናዋ የሚወራላት፣ እሷም ይህን የማትረሳ።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽን አንገትሽ ላይ ልትጠመጥሚ ነው?»

«ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ሐኪሙማ ምን አለበት። አንቺን ፈትቶ የሚያመጣልን ማን ነው?»

አዳራሹ ከቤት ዕቃ መጋዘን በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ወለሉ የተሰነጣጠቀ ጣውላ ነው፤ ጥግ ላይ የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ከእነሱ በፊት መዘምራን ይለማመዱበታል፣ ከእነሱ በኋላ ቼዝ ተጫዋቾች ይገቡበታል። ግድግዳው ላይ ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፎ ከሥሩ «ራስህን ውደድ» ይላል። ቆራጯ ጽሑፉን አነበበችና አጠገቧ ምንጣፉን የሚዘረጋውን ሰውዬ አየችው። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር፤ አርባ ዓመት ቦርሳ የተሸከመበት ትከሻው ወርዶ፣ ቁምጣ ለብሶ፣ የጉልበቱ ቆዳ እንደ ደከመ ካልሲ ተንጠልጥሏል። ይህ ደግሞ ራሱን ሊወድ ነው የመጣው፣ አለች በልቧ።

የዚያን ጊዜዋ መምህርት ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ ከንግግሯ ግማሹ ትንፋሽ ነው።

«አሁን እግሮቻችንን እናመስግናቸው» አለች። «ቀኑን ሙሉ ተሸክመውን ውለዋል።»

«ሥራቸው አይደል እንዴ» አለች ቆራጯ።

ለራሷ ያለችው መስሏት ነበር። ፖስተኛው ግን በአፍንጫው ሳቀ።

ሰዓቱ እስኪያልቅ ሁሉን ናቀች። የመምህርቷን አይሉት ሹክሹክታ አይሉት ንግግር ናቀች፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ የሚሉትን ናቀች፤ በአንድ እግሯ ቆማ ስትንገዳገድ «እየበረርኩ ነው» ያለችውን ሴትዮ አብልጣ ናቀች። መጨረሻ ላይ ሁሉም በጀርባቸው ተኙ። የሬሳ አተኛኘት ይሉታል። መምህርቷ በመካከላቸው እየተራመደች «አሁን ምንም አትሁኑ» አለች።

ቆራጯ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ምንም እንዳትሆን የፈቀደላት ሰው አልነበረም። ሁልጊዜ ቀጥ ያለች መሆን ነበረባት። ጣውላው የወጣውንም የሰረጎደውንም ጎኗን ያለ አስተያየት ተቀበለ። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ በረራ ላይ ለነበረችው ሴትዮ የሚሆን ነገር ነው። ሐሙስ ግን ተመልሳ መጣች። ለምን እንደመጣች ለራሷም አልነገረችም።

እንዲህ እንዲህ ሲል አራት ዓመት ሆነ። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ባይለቃትም ቀና ማለት ቻለች። አንድ ማክሰኞ መምህርቷ፣ ከተማው መካከል ግድግዳው በሙሉ መስታወት የሆነ አዲስ ቤት እንደከፈተችና ወደዚያ እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ከዚያ ቆራጯን ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ክፍሉን አንቺ ያዥው። ቀርታ የማታውቅ አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት፤ ትንፋሿን ስባም ጨመረች፤ «ደግሞ ከሁሉም አንቺ ነሽ ሰውነቷ ቀጥ ያለው።»

አራት ዓመት ሙሉ የሰው ገላ እያየሁ ነው ብላ የኖረች ሴት ስፖንጅና አጥንት መለየት አልቻለችም። ቆራጯ ፊቷ ላይ ልትስቅባት ምንም አልቀራትም። ግን ቃሉ ቤት ድረስ ተከትሏት ሄደ፤ ራት ስትበላም «ከሁሉም አንቺ ነሽ» እያለ ጆሮዋ ላይ ነበር። ሙገሳው የማን እንደሆነ እያወቀች ለራሷ ወሰደችው። ስፖንጁ የተመሰገነበትን ምስጋና አጥንቷ ኮራበት።

ለማስተማሪያ የሚሆን ሸሚዝ ሰፋች። ወፈር ያለ ጥቁር ሹራብ ጨርቅ ነው፤ መደረቢያው አንገቷ አጠገብ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይጀምርና ወደ ትከሻዋ ሲደርስ ይወፍራል፣ የሰረጎደውን ጎኗን ሞልቶ ወገቧ ላይ እንደገና ይሳሳል። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የሚተካከለው አልነበረም፤ ለማንም ልታሳየው አትችልም እንጂ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። እጇን ስታነሳ መደረቢያው ወደ አንገቷ ሊሸሽ ይፈልጋል። እሷም መላ አገኘችለት፤ ከእያንዳንዱ አቋም በፊት ዳሌዋን በትንሹ ወደ ግራ ስትገፋው ይያዛል። ዓይን ለማርገብገብ የማይሞላ ጊዜ ነው የሚወስደው።

በማስተማሩ ደግሞ ማንም ባልጠበቀው መንገድ ተዋጣላት። እግራችሁን አመስግኑ የለ፣ ሹክሹክታ የለ።

«እጃችሁን አንስታችሁ እንደ ዛፍ ቁሙ ነው ያልኳችሁ። ይሄ ዛፍ ነው? ይሄ መኪና የገጨው ምሰሶ ነው።»

«መምህር፣ እየሞከርን ነው እኮ።»

«እሱን አየሁት። ሙከራው ነው ያሳዘነኝ።»

ሰዎቹ ይህን ወደዱት። በትንፋሽ ሲባበሉ ኖረው ሲሰደቡ ነፍሳቸው ተመለሰች። አሥራ አንድ የነበሩት አሥራ ስድስት ሆኑ። ከታች ያለችው የፋርማሲ ባለቤት፣ መነጽሯን በገመድ አንጠልጥላ የምትዞረው ሴት፣ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። የስልክ ጥገና የሚሠራ ጎረምሳም ገባ። ሁሉም «መምህር» ይሏታል። ደረጃ ላይ ሲያገኟት «መምህር»፣ መንገድ ላይ ሲያይዋት «መምህር»። ዘንበል ተብላ ያደገች ሰው ይህ ቃል ምን እንደሚያደርጋት ማስረዳት አያስፈልግም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሱቅ ስትወጣ እርምጃዋ ይፈጥን ነበር፤ እየፈጠነች ደግሞ ዛሬ እነዚያን ፈዛዞች ምን እንደምላቸው እኔ አውቃለሁ ትል ነበር።

አንድ ቀን አዲስ የመጣ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ሳለ ፖስተኛው ሲያስረዳው ሰማች።

«መጀመሪያ ዳሌህን ወደ ግራ ትገፋለህ» ይለዋል፤ ራሱም እየገፋ ያሳየዋል። «አየህ? እጅህን የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ይህን አያውቁትም። ከመምህር ዓይንህን ካልነቀልክ ታየዋለህ፤ በቃል አትነግርህም።»

ማረም ነበረባት። አላረመችም። ሽማግሌው እየተዘባነነ የሚያስተምርላትን ስትሰማ ደስ አላት፤ ምስጢር ያላት መምህር መሆን ምን ይከፋል? እንዲህ ያለ ሞኝ በሞኝነቱ ይቆይ ብላ ምንጣፏን ዘረጋች።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ፋርማሲስቷ «መምህር፣ ግራ ወገቤን ይወጋኛል» አለቻት።

«ይውጋሽ። እየሠራ ነው ማለት ነው።»

«ስተኛም ይወጋኛል።»

«ስትተኚም እየሠራ ነው።»

ፋርማሲስቷ ለደንበኞቿ ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥታ ይሆናል፤ ለራሷ ሲሰጣት ግን ደስ አላላትም። ወደ ምንጣፏ ተመለሰች።

በሳምንቱ ፖስተኛው ሱቅ መጣ። ኮት ታቅፏል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ቆራጯ ራሷ የቆረጠችለት ግራጫ ኮት።

«መምህር፣ ስፌቱ ተላቀቀ መሰለኝ። በዚህ በግራው በኩል ይሰበሰብብኛል፣ እጅጌውም እጄን ዋጠው።»

«እኔ የቆረጥኩት ኮት አይላቀቅም፣ ጋሼ። ይልበሱት።»

ለበሰው። ስፌቱ ደህና ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈችበትን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥታ ሜትሯን ዘረጋች። ያኔ የወረደው በቦርሳ የደከመው ቀኝ ትከሻው ነበር፤ ስፖንጁንም በዚያ በኩል ነበር ያስገባችለት። አሁን የወረደው ግራው ነው፤ በሁለት ጣት። ሜትሩን እንደገና ዘረጋች። ሁለት ጣት። ሜትር ደግሞ ደንበኛ አይደለም፣ አያስመስልም።

«እንደ ሁልጊዜዎ ይቁሙ እስቲ» አለችው።

ፖስተኛው እግሩን ገጠመ። ከዚያ በትንሹ፣ በጥንቃቄ፣ ዳሌውን ወደ ግራ ገፋ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እንደ ሁልጊዜዬ ልቁም ብዬ ነዋ።»

ቆራጯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኮቱን አስተካክልልዎታለሁ፣ ቅዳሜ ይምጡ አለችና ሸኘችው፤ ከዚያ ጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

የዚያን ሐሙስ ዛፍ ሁኑ ብላ ራሷ ሳትሠራ ቆማ አየቻቸው። አሥራ ስድስት ሰው፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ እንደ አንድ ሰው ዳሌውን ወደ ግራ ገፋ። ሙሉ ክፍሉ ዘመመ። የእሷን ጀርባ ቢያዩት ኖሮ ይህች ሴት ጠማማ ስለሆነች ነው የምትገፋው ብለው ይተውት ነበር። የሚያዩት ግን ስፖንጁን ነው፤ ቀጥ ያለች ሴት ስትገፋ ሲያዩ ቀጥ የሚያደርጋት መግፋቱ ነው ብለው አመኑ። የሰውን ጠማማነት ስትደብቅ የኖረች ሴት አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ታመርተዋለች።

መጀመሪያ ያሰበችው ቀላሉን ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ዳሌ መግፋት ቀርቷል» አለች።

«እሺ መምህር» አሉ ሁሉም፤ እሺ ብለውም ገፉ።

«ቀርቷል አልኩ እኮ።»

«ለአዲሶቹ ነው» አለ ፖስተኛው ወደ ጎረምሳው ዘንበል ብሎ። «እነሱ ገና አልደረሱበትም።»

ሰው የሚነገረውን አይሰማም፣ የሚያየውን ይሠራል፤ እሷ ደግሞ ሳትገፋ ልታሳያቸው ብትሞክር መደረቢያው ጆሮዋ ሥር ሊወጣ ነው። ያን ዕለት ግማሹን ሰዓት ሬሳ ሆነው እንዲተኙ አደረገቻቸው። ፋርማሲስቷ በግራ ጎኗ መተኛት አቅቷት ስትገላበጥ ታያት ነበር።

ማታ ለእህቷ ነገረቻት። እህትየው ማሰሮውን እያማሰለች ሰማቻት።

«አሞኛል በያቸውና ቅሪ። ምን ችግር አለው?»

«ቀርቼስ?»

«ቀርተሽማ ቤትሽ ትቀመጫለሽ። ምን ቆርጦሽ ነው ለአንዲት መድኃኒት ሻጭና ለአንድ ጡረተኛ ብለሽ ጀርባሽን የምትገልጪው? ያኔ እንዴት እያለቀስሽ ከትምህርት ቤት ትመጪ እንደነበር ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«እናታችን ዓይኗ እስኪጠፋ የሰፋችው ለዚህ ነው? መምህር ሲሉሽ ራስሽ ዞሮ ነው እንጂ ነገ ሲያዩሽ የሚሉሽን እኔ ልንገርሽ።»

«አትንገሪኝ። አውቀዋለሁ።»

«እኔ ብሆን ሞቼ ነው የምገኘው። እኔማ እግዜር ይመስገን ቀጥ አድርጎ ነው የፈጠረኝ።»

ቆራጯ ይህን ሃያ ዓመት ስትሰማው ኖራለች። በዚያን ምሽት ግን አልዋጥላት አለ።

«ቀኝ ትከሻሽ ከግራው በአንድ ጣት ይወርዳል» አለቻት። «ኮትሽን ሁሉ በዚያ ልክ ነው የምቆርጠው።»

እህትየው ማማሰሏን አቆመች። ማንኪያውን አስቀመጠች፣ እሳቱን አጠፋች፣ እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ራት የበላ አልነበረም። ቆራጯ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ፣ የጎዳቻት በክፋት እንጂ ለእውነት ብላ እንዳልሆነ ታወቃት። እውነት ከሆነማ መጀመር የነበረባት ከራሷ ነው። ደግሞም ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ብትቀር መምህር የሚላት አይኖርም፤ ተደብቃ ብትቀጥል መምህር የሚሏትን ሰዎች አካለ ስንኩል ታደርጋቸዋለች፤ ብትገልጥ እንደገና ዘንበል ትሆናለች። ሦስቱንም ጠላቻቸው። ፖስተኛው ወደ ግራ ሲገፋ ያደረገው ጥንቃቄ ግን ከዓይኗ አልጠፋም። እምነት ነበር፤ የማይረባ፣ የጅል፣ ግን በእሷ ላይ የተጣለ እምነት።

ማክሰኞ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ አዳራሹ ገባች። ሁሉም ምንጣፍ ምንጣፋቸው ላይ ነበሩ። ኮቷን አውልቃ በፕላስቲክ ወንበር ላይ አኖረችው። ከሥሩ የለበሰችው ስስ ነጭ ካናቴራ ነበር፤ እጅጌ የለውም፣ መደረቢያ የለውም። መጀመሪያ ፊት ለፊት ቆመች፤ ይህ ራሱ በቂ ነበር፣ ትከሻዋ እንደ ተሰበረ መደርደሪያ ወርዶ ይታያል። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ወዲያው የስልክ ጠጋኙ ጎረምሳ ሳቀ፤ ደንግጦ እንደሚስቅ ሰው፣ አጭርና ቀጭን ሳቅ።

«ሳቅ» አለች ሳትዞር። «ስትጨርስ ንገረኝ።»

«ይቅርታ መምህር።»

ዞረች።

«ስታዩት የነበረው ስፖንጅ ነው። ዳሌዬን የምገፋው ስፖንጁ እንዳይሸሽብኝ ነው። ዮጋ አይደለም፣ ምስጢር አይደለም፣ ምንም አይደለም። እናንተ ተከተላችሁኝ፤ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።»

ፋርማሲስቷ መነጽሯን አደረገች፤ አየቻት፤ አወለቀችው።

«ስድስት ወር ሙሉ» አለች ቀስ ብላ። «ስድስት ወር ሙሉ ራሴን በራሴ መድኃኒት ሳክም ከረምኩ። ያመኛል ስልሽ ይውጋሽ አልሽኝ።»

«ብዬሻለሁ።»

«አታፍሪም?»

«እያፈርኩ ነው። ይሄው እያየሽኝ።»

ፋርማሲስቷ ምንጣፏን ጠቀለለች። ሁለቱ ጎረቤቶቿ ተያዩ፤ አንዷ መቆየት የፈለገች ትመስል ነበር፣ ግን ተከትላት ወጣች። ጫማቸው በደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ ተሰማ። የሄዱት ሦስት ናቸው። ቆራጯ አራተኛውን ጠበቀች።

ፖስተኛው የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል።

«ምራቴን አስተምሬያታለሁ እኮ» አለ።

«ምኑን?»

«መግፋቱን። ልጄንም። ጎረቤት ያለውንም ጠባቂ።» ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ሌላ ቦታ አያውቁትም እያልኩ።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን ማፈን አቅቶት አስነጠሰ። ሌላው ተከተለ። ፖስተኛው ዞሮ አያቸው፤ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፣ አልሆነለትም። ከዚያ ወደ ቆራጯ ተመልሶ፣ ለብዙ ጊዜ ሲያስበው የኖረ በሚመስል ድምፅ ጠየቃት።

«እና የኔ ትክክለኛው የትኛው ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ከመግፋቴ በፊት የነበረው። ቀጥ ያልኩ ነበርኩ?»

«እርስዎ?» አለች። ሜትሯ እንደ ልማዷ ኪሷ ውስጥ ነበር። «ይነሱ እስቲ። ቀጥ ያሉ ከመቼ ወዲህ። እርስዎ ከጥንትም ጠማማ ነዎት፣ ጋሼ። ቀኝ ትከሻዎን ቦርሳ አውርዶታል። እኔ ያደረግኩት ሌላኛውን መጨመር ነው። ኮትዎ ውስጥ ስፖንጅ አለ፤ አያውቁም?»

«በየትኛው ኮት?»

«በሁሉም።»

ፖስተኛው ትከሻውን በእጁ ዳሰሰ። ጎረምሳው ቀረብ አለ።

«እኔስ መምህር?»

«አንተማ አንገትህ ስልኩ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ቁም፣ ጀርባህን ስጠኝ። ግራ ዳሌህ ከፍ ይላል። በአንድ እግርህ ነው የምትቆመው አይደል? ሱቅ ስትውል።»

«በአንድ እግሬ ነው። እንዴት አወቅሽ?»

«አጥንትህ ይናገራል። አንተ ብቻ ነህ የማትሰማው።»

ተራ ያዙ። ያን ሁሉ ሳምንት ይስቁብኛል ብላ የፈራቻቸው ሰዎች እጃቸውን አጣምረው፣ ለፎቶ እንደተዘጋጀ ሰው ፀጉራቸውን እያስተካከሉ ተሰለፉላት። ሰው ስለራሱ የሚነገረው ከሆነ ስድብም ይጣፍጠዋል። አንዷን «አንቺስ ምንም አይልሽም፤ ግማሽ ጣት ብቻ ነው» ስትላት ሴትዮዋ ቅር አላት።

«በደንብ ለኪኝ እስቲ።»

«ለካሁሽ።»

«እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ከደረጃ ወድቄያለሁ።»

«ወድቀሽ ተስተካክለሽ ይሆናል፣ ምን ላድርግሽ።»

ጎረምሳው የእኔ ይበልጣል አለ፤ ከኋላ ያሉት የማን እንደሚበልጥ ይከራከሩ ጀመር። ቆራጯ ወለሉ ላይ በጠመኔ ለእያንዳንዱ የእግሩን ቦታ አሰመረችለት፤ ለአንዱ ግራው ቀደም፣ ለሌላው ቀኙ ሰፋ፣ ለፖስተኛው ተረከዙ ሥር የታጠፈ ፎጣ። «እኔን አትዩ» አለቻቸው። «እኔ የማደርገው ለኔ ጀርባ ነው። ሁላችሁም መስመራችሁን እዩ። ዛፍ።»

ተነሱ። አሥራ ሦስት ሰው በአሥራ ሦስት ዓይነት ዘመመ። አንዱ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ፣ አንዱ ወደ ፊት፤ የሁለቱ እጅ ተጋጭቶ «ይቅርታ» ተባባሉ። ቆራጯ በሕይወቷ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር አይታ አታውቅም። የመስታወት ቤቷ መምህርት ብታየው ራሷን ስታ ትወድቅ ነበር። ቆራጯም የራሷን መስመር በጠመኔ አሰመረች፤ ቀኝ እግሯን በአንድ ስንዝር አስቀድማ ቆመች፤ እጇን አነሳች። የሚሸሽ ነገር ስለሌለ ዳሌዋን መግፋት አላስፈለጋትም። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የናቀችው ትከሻ ከፍ ማለት እስከሚችልበት ከፍ አለ፤ ያም ብዙ አልነበረም። ዙሪያዋን አየች። እንደ ወትሮው ሁሉንም ናቀች። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ነበር፤ በዚህ ንቀት ውስጥ እሷም ከነጀርባዋ ከእነሱ እኩል ገብታበታለች፣ ለብቻዋ የቀረላትም የተቀነሰላትም የለም።

«እንግዲህ እዩ» አለች። «አሁን ገና ዛፍ መሰላችሁ።»

ሰዓቱ ሲያልቅ ቼዝ ተጫዋቾቹ ሰሌዳቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ በጠመኔ የተሞላውን ወለል አይተው ተያዩ። ቆራጯ ኮቷን አነሳች። ይህኛው ኮት እንደ ሌሎቹ ሁሉ የተደረበበት ነው። ወንበሩ ላይ ልትተወው፣ ክንዷ ላይ አጣጥፋ በካናቴራ ልትወጣ ለአንድ አፍታ አሰበች። አልደፈረችም። ለአዳራሹ ደፍራለች፤ ለመንገዱ ገና ናት። እጅጌውን ስትፈልግ ፖስተኛው ከኋላዋ ኮቱን ያዘላት፤ ሲይዝላት አውራ ጣቱ መደረቢያው ላይ አረፈ።

«ከባድ ነው» አለ።

«ለምጄዋለሁ።»

«ሐሙስ አለ?»

«አለ። ምራትዎንም ይዘው ይምጡ። ያበላሸነውን እኛው እናቃናዋለን።»

«ልጄስ?»

«ልጅዎንም። ጠባቂውንም። መቼም አዳራሹ ይበቃናል።»

ቆልፋ ጨረሰች። ፖስተኛው ደረጃውን ቀድማው እንድትወርድ ጎኑን ሰጣት፤ እሷም ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ፣ የደረጃውን ብረት ሳትይዝ ወረደች።